ዓሊሙ (የሃይማኖት ሊቁ) የመንግሥት ደመወዝተኛ ሲሆን፦ ለእስላማዊ ትብብር ድርጅት የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለእስላማዊ ትብብር ድርጅት ዋና ጽሕፈት ቤት
ለዓለም አቀፉ እስላማዊ የፊቅህ አካዳሚ
ጅዳ

ግልባጭ፦ ለአባል አገሮች የሃይማኖት ጉዳይና የአውቃፍ ሚኒስቴሮች

ጉዳዩ፦ የሃይማኖት ሊቃውንት ከመንግሥት ትእዛዝ ነጻ የሚሆኑበት መንገድ እንዲመቻች ስለመጠየቅ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።

የተከበራችሁ የድርጅቱ ኃላፊዎችና የአካዳሚው ዑለማዎች፣

እስልምና በዘመናችን ፖለቲካ ውስጥ ስላለው ቦታ ሲነሣ ወሬው የሚያመራው ወደ ፓርቲዎች፣ ወደ ንቅናቄዎችና ወደ ታጣቂ ቡድኖች ነው። እነርሱን የሚያጠኑ ተቋማት አሉ፤ እነርሱን የሚከታተሉ የስለላ ድርጅቶች አሉ፤ ስለ እነርሱ የማይጽፍ ጋዜጣም የለም። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ በተራው ሙስሊም የዕለት ከዕለት ኑሮ ውስጥ እጁን አስረዝሞ የገባው አካል ግን መንግሥት ነው። ጾም የሚያዝበትንና የሚፈታበትን ቀን የሚያውጀው፣ ኢማሙን የሚቀጥረውና የሚያሰናብተው፣ በብዙ አገሮች የጁሙዓውን ኹጥባ (ስብከት) አስቀድሞ አይቶ የሚያጸድቀው፣ በዚህ ዓመት ሐጅ የሚያደርገው ማን እንደሆነ የሚወስነው፣ አንዳንዴም ዘካን (ግዴታ የሆነውን ምጽዋት) ከባንክ ሒሳብ ላይ በቀጥታ የሚቆርጠው እርሱ ነው። የምጽፍላችሁ ስለዚህ ረጅም እጅ ነው። የምጠይቀውም አንድ ነገር ነው፤ የሃይማኖት ዕውቀት ባለቤቶች ከመንግሥታት ትእዛዝ ነጻ እንዲሆኑና ይህንንም ድርጅታችሁ ከራሱ አካዳሚ እንዲጀምር። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍሁት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄውን ለእናንተ ማቅረቤ ያለ ምክንያት አይደለም። ድርጅታችሁ በ1969 በአል-አቅሷ መስጂድ ላይ በደረሰው ቃጠሎ ማግስት፣ ራባት ላይ በተደረገ የመሪዎች ጉባኤ የተመሠረተ ሲሆን ዛሬ 57 አባላት አሉት። አባላቱ መንግሥታት ናቸው እንጂ ሙስሊሙ ሕዝብ አይደለም። ወደ 200 ሚሊዮን የሚጠጉ ሙስሊሞች ያሏት ሕንድ አባል አይደለችም፤ በዚያው በራባቱ ጉባኤ ተጋብዛ ከመጣች በኋላ በፓኪስታን ተቃውሞ ከስብሰባው የቀረችውም በሁለት መንግሥታት ጠብ ምክንያት ነበር። ይህን የማነሣው ለወቀሳ ሳይሆን ድርጅታችሁ ከመነሻው የመንግሥታት ማኅበር መሆኑ ግልጽ ሆኖ እንዲቀመጥ ነው። ሆኖም ይህ የመንግሥታት ማኅበር በአንድ ቢሊዮን ተኩልና ከዚያም በላይ በሆነ ሕዝብ አምልኮ ላይ የሚሠሩ ውሳኔዎችን ያሳልፋል፤ የሐጅ ኮታን የደነገገው እርሱ ነው፤ የፊቅህ (የእስልምና ሕግ ዕውቀት) አካዳሚውንም ያቋቋመው እርሱ ነው።

ዓሊምና ገዥ በእስልምና ታሪክ ውስጥ ተራርቀው የኖሩ ናቸው ብዬ አላጋንንም። ቃዲውን (ዳኛውን) የሚሾመው ኸሊፋው ነበር፤ የቤተ መንግሥትን በር የሚያዘወትር ዓሊምም በየዘመኑ ነበር። ነገር ግን ዛሬ በየመስጂዱ ስማቸው የሚጠራው ኢማሞች የተከበሩት በሹመታቸው አይደለም። ኢማም አቡ ሐኒፋ የቃዲነትን ሹመት እምቢ ብለው ታስረው በ767 ባግዳድ ውስጥ እንደሞቱ ይተረካል። ኢማም ማሊክ የሰበሰቡት መጽሐፍ የግዛቱ ሁሉ ሕግ ይሁን ሲባሉ፣ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባልደረቦች በየአገሩ ተበትነው ለየሕዝቡ የተለያየ ዕውቀት አድርሰዋልና ሰዎችን በአንድ አስተያየት አታስገድዱ ብለው መከልከላቸው ይነገርላቸዋል። ኢማም አሕመድ ኢብን ሐንበል ደግሞ ኸሊፋው አል-መእሙን በ833 የራሱን የነገረ መለኮት አቋም በሊቃውንት ላይ በግድ ለመጫን ሲነሣ እምቢ አሉ፤ ታሰሩ፤ በተተኪው ዘመንም ተገረፉ። ኸሊፋው ያወጀው አቋም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲሻር የተገረፉት ሊቅ መዝሀብ (የሕግ ትምህርት መንገድ) ግን እስከ ዛሬ አለ።

እነዚህ ሰዎች እምቢ ማለት የቻሉት በግል ጀግንነታቸው ብቻ አልነበረም። ገበያው፣ የተማሪው ስብስብና ከሁሉ በላይ ወቅፉ ነበረላቸው። ባለ ሀብቱ እርሻውን፣ ሱቁን ወይም ቤቱን ለአላህ ብሎ ሲያቆም ገቢው መምህሩንም፣ ተማሪውንም፣ የሕመምተኛ ማደሪያውንም፣ የውኃውን ጉድጓድም ይደጉም ነበር፤ መምህሩ ከሥልጣን ሰው ፊት ቆሞ እጁን የሚዘረጋበት ምክንያት አልነበረም። ይህ ሥርዓት እንከን የሌለበት አልነበረም፤ ሀብት ከወራሾች ለማሸሽ የዋለ ወቅፍ ነበር፣ በአስተዳዳሪዎቹ የተመዘበረም ነበር። ሆኖም ያን ለማረም የተወሰደው መድኃኒት ከበሽታው የከፋ ሆነ። ኦቶማኖች በ1826 የአውቃፍ (የወቅፎች) ሚኒስቴርን አቋቁመው ገቢውን ወደ ማእከል መሰብሰብ ጀመሩ። ግብፅ በ1952 የቤተሰብ ወቅፍን ሻረች፤ በተከታዩ ዓመት የበጎ አድራጎቱን ወቅፍ በሚኒስቴር ሥር አደረገች፤ በ1961 ደግሞ በሕግ ቁጥር 103 ጥንታዊውን የዕውቀት ማእከል አል-አዝሀርን ራሱን የመንግሥት ተቋም አድርጋ አዋቀረችው። ቱርክ ኸሊፋነትን በሻረችበት በዚያው ዕለት፣ በማርች 3 ቀን 1924፣ የሃይማኖት ጉዳዮች ጽሕፈት ቤትን መሠረተች፤ የእያንዳንዱ መስጂድ ኢማም የመንግሥት ሠራተኛ የሆነበት፣ ኹጥባውም ከማእከል ተዘጋጅቶ የሚላክበት አሠራር ዓለማዊ ነኝ በሚለው ሪፐብሊክ ውስጥ ተተከለ፤ እስላማዊ ዝንባሌ ያላቸው መሪዎች ሥልጣን ሲይዙም አላፈረሱትም፣ ይልቁንም አሰፉት። መንግሥቱ ዓለማዊ ይሁን እስላማዊ፣ ንጉሣዊ ይሁን አብዮታዊ፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ያላቸው ስምምነት ያስደንቃል። ከዚያ ወዲህ የሚከፍለውን አካል የሚቃወም ዓሊም ወጪት ሰባሪ መባሉ አልቀረም።

የዚህን ውጤት ለማየት የሳዑዲ ዓረቢያን ሴቶች ጉዳይ ማንሣት ይበቃል። በኖቬምበር 1990 በሪያድ ጎዳና ላይ መኪና የነዱ ሴቶች ከሥራቸው ታገዱ፤ በየመስጂዱም ተወገዙ። በጊዜው ከአገሪቱ ሊቃውንት ከፍተኛውን ተሰሚነት የያዙት ሸይኽ ኢብን ባዝ ሴት መኪና መንዳቷ ወደ ፈተናና ወደ ብልሹነት የሚያደርስ በመሆኑ አይፈቀድም የሚል ፈትዋ (የሃይማኖት ሕግ ብይን) ሰጡ፤ ይህም ለሩብ ምእተ ዓመት የሃይማኖቱ ድምፅ ሆኖ ተሰማ። በሴፕቴምበር 2017 ንጉሣዊው ትእዛዝ ወጣ፤ የከፍተኛ ሊቃውንት ምክር ቤት አባላት አብዛኞቹ ከሸሪዓ አንጻር የሚከለክል ነገር አላገኙም የሚል ቃል በውስጡ ነበረ፤ በሰኔ 2018 ሴቶቹ መንዳት ጀመሩ። ፈትዋ በዘመንና በሁኔታ እንደሚለወጥ የፊቅህ ሊቃውንት ከጥንት ጀምሮ የተቀበሉት ነገር ነው፤ መለወጡን አልነቅፍም፤ በበኩሌ የተለወጠው ወደ ትክክለኛው ነው ብዬ አምናለሁ። የሚያስጨንቀው ለውጡ የመጣበት በር ነው። ሊቃውንቱ መክረው፣ ተከራክረው፣ የቀድሞውን ማስረጃ መርምረው ሐሳባቸውን ሲለውጡ ምእመኑ አላየም፤ ያየው ንጉሡ ሲፈቅድ ሊቃውንቱ ሲስማሙ ነው። አንዲት ሳዑዲያዊት ወጣት በእናቷ ዘመን ሐራም የነበረው በእርሷ ዘመን ሐላል የሆነው በምን ምክንያት እንደሆነ ብትጠይቅ፣ ከትእዛዙ ቀን በቀር ልታሳዩዋት የምትችሉት ብዙ ነገር የለም። እንዲህ ያለ ጥያቄ ያላት ወጣት ስለ መኪናው ብቻ ጠይቃ አታቆምም።

በተቃራኒው ጫፍ ያለችው ኢራን ትመስላለች፤ በዚያ ዓሊሙ ደመወዝተኛ ሳይሆን ራሱ ገዥ ነውና። ነገር ግን ሊቃውንት ሥልጣን ሲይዙ ያተረፈው ሃይማኖቱ ነው ወይስ ሥልጣኑ? የአገሪቱ መሪ አያቶላህ ኾሜኒ በጃንዩወሪ 1988 ለጊዜው ፕሬዚዳንት ለነበሩት ለዓሊ ኻመነኢ በጻፉት ደብዳቤ፣ መንግሥት ከእስልምና ቀዳሚ ድንጋጌዎች አንዱ እንደሆነና ሰላትን፣ ጾምንና ሐጅን ከመሰሉ ንዑስ ድንጋጌዎች ሁሉ እንደሚቀድም ገለጹ። ሊቃውንት የሚገዙበትን ንድፍ በሕገ መንግሥቱ ካስገቡት ዋነኞቹ አንዱ የነበሩትና ኾሜኒን ይተካሉ ተብለው የተመረጡት አያቶላህ ሑሴን ዓሊ ሙንተዘሪ በዚያው ዓመት በእስረኞች ላይ የተፈጸመውን የጅምላ ግድያ ተቃውመው ከተተኪነታቸው ተነሡ፤ ኋላም የመሪውን ሥልጣን በመተቸታቸው ከ1997 እስከ 2003 ድረስ ቁም ዕስር ላይ ቆዩ። ዓሊሙን ያሰረው በዓሊሞች የሚመራ መንግሥት ነበር። ስለዚህ መፍትሔው ሊቃውንትን ወደ ቤተ መንግሥት ማስገባት ነው የሚሉ ንቅናቄዎች ይህን ምዕራፍ ደግመው ቢያነቡት ይጠቅማቸዋል።

ከነዚህ ከፍ ያሉ ጉዳዮች ይልቅ ሁልጊዜ ይበልጥ የሚያስተምረኝ ግን የፓኪስታን የዘካ ታሪክ ነው። የአገሪቱ ወታደራዊ ገዥ ጄኔራል ዚያኡል ሐቅ በ1980 ባወጡት አዋጅ ባንኮች በረመዷን የመጀመሪያ ቀን ከቁጠባ ሒሳቦች ላይ ሁለት ተኩል በመቶ ዘካ እንዲቆርጡ ታዘዙ። ዘካ ግዴታ እንደሆነ የሚጠራጠር ሙስሊም የለም፤ መጠኑም የታወቀ ነው፤ ለድኻ የሚደርስ ነገርን መንግሥት ቢያስተባብር ምን ክፋት አለው ያሰኛል። ነገር ግን ወዲያው የሺዓ ተከታዮች በእኛ መዝሀብ ዘካ በዚህ መንገድ አይሰበሰብም ብለው በብዙ ሺህ ሆነው ኢስላማባድን አጥለቀለቁ፤ መንግሥቱም እምነታቸውን በጽሑፍ ያሳወቁ ከቅነሳው ነጻ እንዲሆኑ ፈቀደ። ቀጥሎ የሆነው አሳዛኝም አስቂኝም ነው። ከመንግሥት ጋር ላለመነካካት ሲል በወረቀት ላይ ሺዓ ነኝ ያለ ሱኒ ተገኘ፤ ረመዷን ሲቃረብ ገንዘብን ከባንክ ማውጣት የተለመደ ሆነ፤ በ1999 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሱኒዎችም መብቱ እንዳላቸው ወሰነ። እነዚህ ሰዎች ዘካን የጠሉ አይደሉም፤ ብዙዎቹ ያወጡትን ገንዘብ በገዛ እጃቸው ለሚያውቁት ችግረኛ ሰጥተውታል። ያልወደዱት በእነርሱና በፈጣሪያቸው መካከል ያለ ዕዳ የግምጃ ቤት ቅነሳ ሲሆን ማየትን ነው። ኢባዳ (አምልኮ) በኒያ (በልብ ሐሳብ) ይቆማል፤ ባንኩ ስለ ደንበኛው ሊነይትለት አይችልም።

ወደ ሐጅ ስመጣ ደግሞ ነገሩ በቀጥታ እናንተን ይመለከታል። በ1987 በመካ በኢራናውያን ሰልፈኞችና በጸጥታ ኃይሎች መካከል በተነሣው ግጭት ከ400 በላይ ሰዎች ከሞቱ በኋላ፣ የድርጅታችሁ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ለእያንዳንዱ አገር ከአንድ ሺህ ሙስሊም አንድ ሑጃጅ የሚል ኮታ አጸደቁ። ስፍራው ውስን ነው፤ ሰው ብዙ ነው፤ ቁጥር መገደቡን የሚቃወም አስተዋይ ሰው ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን ኮታው ሲከፋፈል የተሰጠው ለመንግሥታት በመሆኑ፣ መንግሥታት ሲጣሉ የሚቀጣው ሑጃጁ ሆነ። ኢራናውያን ከ1988 እስከ 1990 ሐጅ አላደረጉም፤ ኢራንና ሳዑዲ ዓረቢያ ግንኙነታቸውን በቆረጡበት በ2016ም እንዲሁ አንድም ሰው ከኢራን አልመጣም። የሰባ ዓመት አዛውንት ዕድሜውን ሙሉ ያጠራቀመለትን ፈርድ (ግዴታ) የሚያጣው በሁለት ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሮች መኳረፍ ነው። በኢንዶኔዥያና በማሌዥያ ደግሞ ዛሬ የሚመዘገብ ሰው ተራው እስኪደርስ በአሥርት ዓመታት የሚቆጠር ጊዜ ይጠብቃል፤ ማሌዥያ ከ1963 ጀምሮ የሑጃጆችን ቁጠባ የሚያስተዳድር ተቋም ያላት በመሆኑ ቢያንስ ገንዘቡ በሥርዓት ይያዛል፤ በሌሎች አገሮች ግን ኮታው ለባለሥልጣን ዘመድና ለደጋፊ የሚታደል ስጦታ እስከ መሆን ሲደርስ ታይቷል።

በኦፊሴላዊው በር መግባት ያልቻለ ሰው ሌላ በር ይፈልጋል። በሰኔ 2024 ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለፈባቸው የሐጅ ቀናት 1,301 ሰዎች እንደሞቱ የሳዑዲ ባለሥልጣናት አስታውቀዋል፤ ከነዚህም 83 በመቶው ፈቃድ ያልነበራቸው፣ መጠለያና ማቀዝቀዣ ሳያገኙ በፀሐይ ረጅም መንገድ የተጓዙ ናቸው። ሕግ ጥሰዋል የሚለው መልስ እውነት ነው፤ ግን ብዙ ርቀት አይወስድም። ሕጉን የጣሱት ተራ የማያገኙ ወይም የፈቃዱን ዋጋ መክፈል የማይችሉ፣ የደላላ ቃል ያመኑ ሰዎች ናቸው፤ ከሞቱ በኋላ የወጣው መግለጫም ለየመንግሥታቱ የሚመች እንጂ ስለ ኮታው አከፋፈል አንድ ጥያቄ የሚያነሣ አልነበረም። በሃይማኖቱ አቅም ላለው ብቻ ግዴታ የሆነን ነገር ሰዎች ነፍሳቸውን ሰጥተው የሚሹበት ምክንያት ምን እንደሆነ፣ አቅም የሌለው ሰው ወንጀል እንደሌለበት በግልጽ የሚነግረው ዓሊም ለምን እንዳልደረሰለት፣ ይህ በአካዳሚያችሁ ውስጥ ሊነሣ የሚገባው ነገር ነበር።

ስለ ጨረቃው ብዙ አልልም፤ ረመዷንና ዒድ በመጡ ቁጥር ሁሉም ያየዋል። አካዳሚያችሁ በ1986 አማን ላይ ባደረገው ጉባኤ በአንድ አገር ሂላል (አዲስ ጨረቃ) መታየቱ ከተረጋገጠ ሌሎችም እንዲቀበሉት፣ በእይታ ላይ ተመሥርቶ በሥነ ፈለክ ስሌት መታገዝም እንደሚገባ ወስኖ ነበር። ይህ ውሳኔ እስከ ዛሬ ወረቀት ላይ ነው፤ ምክንያቱም ጨረቃን ማወጅ የሉዓላዊነት ምልክት ሆኗል፤ የጎረቤቱን አዋጅ መቀበል ለጎረቤቱ መገዛት የሚመስለው መንግሥት ብዙ ነው። በዚያው በአማኑ ጉባኤ አካዳሚው አንጎሉ ሙሉ በሙሉና በማይመለስ ሁኔታ ሥራውን ያቆመን ሕመምተኛ ከመሣሪያ ስለ ማላቀቅ የሰጠው ውሳኔ ግን በየሆስፒታሉ ዛሬም ይጠቀሳል። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያቸው የሊቃውንቱ አቅም ማነስ አይታየኝም። ሐኪሞችን አስቀርበው፣ ጠይቀው፣ ከባድ በሆነ አዲስ ጉዳይ ላይ ኢጅቲሃድ (ከማስረጃዎች መርምሮ ብይን ማውጣት) ማድረግ ችለዋል። የመንግሥታት ክብር በሌለበት ጉዳይ ቃላቸው ይሠራል፤ የመንግሥታት ክብር ባለበት ጉዳይ ቃላቸው ይቆማል።

ከዚህ የተለየ አኗኗር እንደሚቻል ኢንዶኔዥያ ታሳያለች። በ1912 የተመሠረተው ሙሐመዲያና በ1926 የተመሠረተው ነህደቱል ዑለማእ እያንዳንዳቸው በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ተከታዮች ያሏቸው፣ ትምህርት ቤትና የሕክምና ተቋም የሚያስተዳድሩ፣ ደመወዛቸውን ከመንግሥት የማይጠብቁ ማኅበራት ናቸው። ሙሐመዲያ ወርን የሚቆጥረው በስሌት ስለሆነ በ2023 ዒድን ከመንግሥቱ አንድ ቀን ቀድሞ፣ በአፕሪል 21 አክብሮ ነበር፤ መንግሥቱ በአፕሪል 22 አከበረ፤ ሰማይም አልወደቀም። ነህደቱል ዑለማእ በ2019 ባደረገው የሊቃውንት ጉባኤ ሙስሊም ያልሆነ ዜጋ በአገር ጉዳይ ካፊር (ከሓዲ) ተብሎ እንዳይጠራ፣ ዜጋ እንዲባል ሲወስን ያዘዘው ባለሥልጣን አልነበረም፤ የተቃወሙትም ነበሩ፤ ክርክሩ በአደባባይ ተደርጓል። እነዚህም ማኅበራት ከፖለቲካ ፈተና የራቁ አይደሉም፤ ከነህደቱል ዑለማእ መሪዎች መካከል ፕሬዚዳንትና ምክትል ፕሬዚዳንት እስከ መሆን የደረሱ አሉ፣ የመንግሥት ጥቅምም ያጓጓቸዋል። ልዩነቱ ሥልጣን ቢርቃቸውም መኖር መቻላቸው ነው።

እናንተ የምትመልሱልኝን አውቃለሁ። መስጂዱን መንግሥት ካልያዘው ጽንፈኛው ይይዘዋል ትላላችሁ። ይህ ባዶ ስጋት አይደለም፤ በ2014 ከሞሱል ኸሊፋነት ያወጀው ቡድን ምን እንዳደረገ፣ ከገደላቸው መካከልም ሙስሊሞች እንደሚበዙ ሁላችን እናውቃለን። ሞሮኮ በ2015 ራባት ላይ የከፈተችው የኢማሞች ማሠልጠኛ ከብዙ የአፍሪካ አገሮችና ከአውሮፓ ተማሪዎችን ይቀበላል፤ ጠቃሚ ሥራ እንደሚሠራም አልክድም። ነገር ግን መሣሪያ የያዘ ሰባኪ ወጣቱን የሚያማልልበት ዋናው ንግግር ምን እንደሆነ አስቡ። ሊቃውንታችሁ የተሸጡ ናቸው፣ የሱልጣን ዑለማእ ናቸው ይላል። ግብፅ በ2016 የአውቃፍ ሚኒስቴሯ በየመስጂዱ አንድ የተጻፈ ኹጥባ እንዲነበብ ሲያዝ ለዚያ ሰባኪ ነዳጅ አቀበለችው፤ የአል-አዝሀር የከፍተኛ ሊቃውንት ጉባኤ ትእዛዙን አልቀበልም ሲል ደግሞ የዓሊምን ክብር ጥቂት መለሰ። በተከታዩ ዓመት ፕሬዚዳንቱ በቃል የሚሰጥ ፍቺ እንዲታገድ በአደባባይ ሐሳብ ሲያቀርቡ ያው ጉባኤ አልተስማማም። በፍቺው ጉዳይ እኔ ከጉባኤው ይልቅ ለሴቶቹ የሚቀርበውን ሐሳብ እመርጣለሁ፤ ሆኖም የማልስማማበትን ነገር የሚናገር ነጻ ዓሊም፣ የምስማማበትን ነገር በትእዛዝ ከሚናገር ዓሊም ይልቅ እንድሰማው ያደርገኛል። ጽንፈኛውን የሚያሳፍረው እንዲህ ያለ ሰው ሲያወግዘው ነው።

ንቅናቄዎቹም ቢሆኑ ከዚህ ወቀሳ አያመልጡም፤ መንግሥትን ስንይዝ ሃይማኖቱ ይስተካከላል ብለው ብዙ ትውልድ አባክነዋል። የቱኒዚያው እስላማዊ ፓርቲ አን-ነህዳ በ2016 ባደረገው ጉባኤ የስብከትን ሥራ ከፓርቲ ሥራ እንደሚለይ ማወጁ ትልቅ እርምጃ ነበር። ስድስት ዓመት ቆይቶ ግን በፕሬዚዳንቱ የተረቀቀው የ2022 ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 5 የእስልምናን ዓላማዎች ለማስፈጸም የሚሠራው መንግሥት ብቻ ነው አለ። ፓርቲው የለቀቀውን መንግሥቱ አነሣው። ሙስሊም ያልሆኑ መንግሥታትም ወደዚሁ ጎዳና ገብተዋል፤ ፈረንሳይ በ2003 የሙስሊሞች ምክር ቤትን ከላይ አደራጅታ በተከታዩ ዓመት የሴት ተማሪዎችን ሒጃብ ከመንግሥት ትምህርት ቤት አስወጣች፤ ቻይና ከ1953 ጀምሮ ኦፊሴላዊ የሙስሊሞች ማኅበር አላት፤ ኡይጉር ሙስሊሞች በሚኖሩባት በሺንጂያንግ የሆነውንም ዓለም ያውቃል። እነርሱን ስትወቅሱ፣ እናንተስ በአገራችሁ የምታደርጉት ምንድን ነው ቢሏችሁ መልስ እንዲኖራችሁ እሻለሁ።

የዚህን ሁሉ ዋጋ ዛሬ በግልጽ የሚከፍሉት የአፍጋኒስታን ልጃገረዶች ናቸው። ከ2021 ጀምሮ ከስድስተኛ ክፍል በላይ፣ በ2022 መጨረሻ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ታገዱ፤ ለእገዳው የሚጠቀሰው ሸሪዓ ነው። የአል-አዝሀሩ ታላቁ ኢማም አሕመድ አጥ-ጠይብ ውሳኔው ከሸሪዓ ጋር እንደሚጋጭ በይፋ ተናገሩ፤ ድርጅታችሁም ተቃውሞውን ገልጾ የዑለማእ ልዑካንን ወደ ካቡል ላከ። ይህን በማድረጋችሁ ምስጋና ይገባችኋል። ነገር ግን የካቡል ሹማምንት ልዑካኑን ሲያዩ ምን እንዳዩ ልትጠይቁ ይገባል። የመጣው በመንግሥታት የተላከ ልዑክ በመሆኑ፣ ክርክሩን የሊቅና የሊቅ ከማድረግ ይልቅ የመንግሥትና የመንግሥት አድርጎ ማለፍ ቀላል ነበር። ዲኑ ዕውቀትን መሻት በሙስሊም ሁሉ ላይ ግዴታ አድርጎታል ብሎ የሚከራከር ሰው፣ ወደ አገሩ ሲመለስ በራሱ መንግሥት ፊትም እንደዚያው እንደሚናገር የታወቀ ቢሆን ኖሮ ቃሉ ሌላ ክብደት ይኖረው ነበር።

ስለዚህ በመጀመሪያ የአካዳሚው የአባልነት ደንብ ይለወጥ። ዛሬ እያንዳንዱ አባል አገር ወኪሉን ይሰይማል፤ ይህ ሹመት ለሊቃውንት ማኅበራት፣ ለጥንታውያን የዕውቀት ማእከላትና ለዩኒቨርሲቲዎች ይሰጥ፤ የተመረጠው ሰውም የአገልግሎት ዘመኑ እስኪያልቅ በመንግሥቱ ፈቃድ የማይነሣ ይሁን። አባል ባልሆኑ አገሮች የሚኖሩ ሙስሊሞች ሊቃውንት እንደ ተጋባዥ ሳይሆን ድምፅ እንዳላቸው አባላት ይቀመጡ። ሴት ሊቃውንት በሴቶች ጉዳይ ላይ ብቻ ሳይሆን በሁሉም ጉዳይ ላይ ይኑሩ። ውሳኔ ሲወጣ ያልተስማሙት ሊቃውንት ምክንያት ከውሳኔው ጋር አብሮ ይታተም፤ የፊቅህ መጻሕፍታችን በልዩነት የተሞሉ ናቸውና ይህ ለምእመኑ አዲስ አይሆንበትም።

በጀቱን በተመለከተ፣ የእስላማዊ ልማት ባንክ ከ1975 ጀምሮ ሥራ ላይ ያለ የእናንተው ድርጅት ልጅ ነው፤ ለአካዳሚው ራሱን የቻለ ወቅፍ እንዲቋቋም ማድረግ ከአቅማችሁ በላይ አይደለም። ወቅፉ ሒሳቡ በየዓመቱ ለሕዝብ የሚገለጽ፣ ከአባል አገሮች መዋጮ ጋር የማይያያዝ ቢሆን አንድ መንግሥት በውሳኔ ተቆጥቶ መዋጮውን ቢያስቀር አካዳሚው አይንበረከክም። የአውቃፍ ሚኒስቴሮችም በእጃቸው ያለው ንብረት ምን ያህል እንደሆነ፣ ሲቆም ለምን ዓላማ እንደቆመና ዛሬ ለምን እየዋለ እንደሆነ ዝርዝሩን ቢያወጡ መልካም ነው፤ ወቅፉን ያቆመው ሰው ያስቀመጠው ቅድመ ሁኔታ እንደ ሕግ የሚጠበቅ መሆኑን ለእናንተ መንገር አይገባኝም።

የሐጅን ኮታ በተመለከተ ሦስት ነገሮች በአንድ የሚኒስትሮች ስብሰባ ሊወሰኑ ይችላሉ። የእያንዳንዱ አገር የምዝገባ ተራ ለማንም ክፍት ሆኖ ይታይ፤ ከተራው ውጭ የሚሰጥ ቦታ ካለ ለማን እንደተሰጠ ይገለጽ፤ ሁለት መንግሥታት ግንኙነታቸውን ቢያቋርጡ የሑጃጆቹ ጉዞ በድርጅታችሁ በኩል የሚከናወንበት አሠራር አስቀድሞ ይዘጋጅ። የመጨረሻው በ2016 ቢኖር ኖሮ የኢራን ሑጃጆች አይቀሩም ነበር።

ይህን ደብዳቤ በግልጽ የጻፍሁት መልሱም በግልጽ እንዲሰጥ በመፈለጌ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ግን የአካዳሚው የአባልነት ደንብ በሚቀጥለው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ጉባኤ አጀንዳ ላይ ይያዝ እንደሆነ፣ ካልተያዘም የተቃወመው የትኛው መንግሥት እንደሆነ እንድታሳውቁ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ።

አንድ የአካዳሚውን ውሳኔዎች የሚከታተል ሙስሊም